ባሕር ሄደው የማይዋኙ ሰዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሥዕል አምድዎን ሳላነብ አላልፍም። እህቴ በቀደም ሥዕል የታተመበት ፖስት ካርድ አመጣችልኝ። ከታች «ቡዳን፣ ትሩቪል» ይላል። ባሕር ዳርቻ ወንበር ደርድረው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ሠርግ የተጠሩ ይመስል ዘንጠዋል፤ አንዷማ ቀይ ሻርፕ ደርባለች። የሚዋኝ ግን አንድም ሰው የለም። ፊታቸውን ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ ዓይን የለ፣ አፍ የለ! ሠዓሊው ሰንፎ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?
— ግራ የገባት አንባቢ

መልስ፦ አሳቅሽኝ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ዩጂን ቡዳን የመርከበኛ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ኖርማንዲ፣ ኦንፍለር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ወጣት ሳለ «ለ ሃቭር» በምትባል ከተማ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያና የሥዕል ፍሬም ሱቅ ነበረው። ትሩቪል ከዚያ ብዙም አትርቅም። የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ በኋላ የፓሪስ ሀብታሞች ለመዷት። በ1863 ባቡርም ገባላት። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን ሣልሳዊ ባለቤት እቴጌ ዩጂኒ ሳይቀሩ መጥተዋል፤ ቡዳን አሸዋው ላይ ሲንሸራሸሩ ሥሏቸዋል።

አለመዋኘታቸው አይግረምሽ። ያኔ የባሕር አየር እንደ መድኃኒት ነበር የሚታየው። ውኃ ውስጥ መግባትም የራሱ ወግ ነበረው። መንኮራኩር ያላት ትንሽ የእንጨት ቤት በፈረስ ተጎትታ እስከ ውኃው ትሄዳለች። ሴትየዋ እዚያ ውስጥ ልብሷን ትቀይራለች፣ ትነከራለች፣ ተመልሳ ትገባለች። የቀረው ቀን ለማየትና ለመታየት ነው። ፀሐይ ያጠቆረው ፊት ደግሞ ደጅ ውሎ የሚሠራ ሰው ፊት ነው ይባል ስለነበር ባርኔጣው፣ ዓይነ ርግቡ፣ ጃንጥላው ሁሉ ለዚያ ነው። ቀሚሱን ድንኳን ያስመሰለው ክሪኖሊን ይባላል፤ ከውስጥ የብረት ቀለበት አለው። ያንን ለብሶ ወንበር ላይ መቀመጥ በራሱ ሙያ ነው መሰለኝ።

ቀለሙም ወሬ አለው። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ የወባ መድኃኒት ለመሥራት ሲታገል፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሳያስበው ሐምራዊ የጨርቅ ማቅለሚያ አገኘ። ከዚያ ሌሎች ደማቅ ማቅለሚያዎች ተከታተሉ። ቡዳን ትሩቪልን መሣል የጀመረው በ1862 ገደማ ነው። ማለትም እነዚያ ሴቶች ባሕር ዳርቻ ይዘው የመጡት ገና አዲስ የሆነ ቀለም ነው።

አሁን ካርድሽን አውጪ። ቀዩን ሻርፕ በአውራ ጣትሽ ሸፍኚው። አየሽ? ሥዕሉ ጭፍግግ ይላል። አብዛኛው ክፍል ሰማይ ነው፣ ያውም ግራጫ። ያ ሁሉ ድምቀት ከሥር በተነጠቡ ጥቂት የቀለም ጠብታዎች የመጣ ነው። ሠዓሊው ኮሮ ቡዳንን «የሰማይ ንጉሥ» ብሎታል። ሰማይ ሲሥል ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር ይጽፍበት ነበር።

ወደ ፊታቸው ልመለስ። ብዙዎቹ የትሩቪል ሥዕሎች ትንንሽ ናቸው፤ ቁመታቸው 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የአንድ ሰው ጭንቅላት የጣት ጥፍር አያክልም። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱን ልቅዳ ብዬ ሦስት ቀን ለፋሁ። ሁሉም ደህና ሲሄድልኝ አላስችል አለኝና ለአንዷ ሴት ዓይንና ቅንድብ ሠራሁላት። በቃ፣ ነፋሱ ቆመ! ሴትየዋ ብቻ አፍጥጣ ታየኛለች፤ ሌሎቹ አሻንጉሊት ሆኑ። መልሼ ፋቅኋት።

ሰውየው ሀብታሞቹን ወዷቸው ነው የሣላቸው ብለሽ እንዳታስቢ። በ1867 ብሪታኒ የምትባለውን የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ድሆች አይቶ ሲመለስ፣ ትሩቪል የጭምብል ጨዋታ መስላ እንደታየችው ለወዳጁ ጽፏል። በዓመቱ ደግሞ ሐሳቡን ለወጥ አደረገ፤ ጀምበር ስትጠልቅ የሚንሸራሸሩት እነዚህ ሰዎችም መሣል ይገባቸዋል አለ። እኔ ሁለቱንም አምነዋለሁ። ሥዕሉ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ አላፌዘባቸውም፣ አላሞገሳቸውምም።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳርቻ ሥዕል እዚያው ተቀምጠው ነው የሚሠሩት ወይስ ቤት? ነፋሱና አሸዋው አያስቸግርም?
— ጀማሪ ሠዓሊ

መልስ፦ ያስቸግራል እንጂ ወንድሜ! ቡዳን ብዙ ጊዜ እዚያው ንድፍ ይሠራና ቤቱ ገብቶ ይጨርሰዋል። ቡዳን ራሱ ደጅ ወጥቶ መሣልን ያስተማረው ወጣት ግን ባሰበት፤ ስሙ ክሎድ ሞኔ ነው። ሞኔ በ1870 ክረምት፣ ካሚልን ባገባ ማግሥት ትሩቪል ሄዶ እሷን ነጭ አልብሶ ጃንጥላ አስይዞ ሣላት። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው። ባለሙያዎች ቀለሙን ሲመረምሩት የአሸዋ ቅንጣት ተቀብሮበት አገኙ። ቀለሙ ሳይደርቅ ነፋስ አምጥቶ የለጠፈው ነው። እስካሁን እዚያው አለ።