የኮንዶሚኒየሙ ቦት ነጥብ ይስጥ ወይስ ይቅርበት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ኮዲንግም እሞካክራለሁ። ኮሚቴው ለቴሌግራም ግሩፓችን ቦት (በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚልክ ፕሮግራም) ስራልን አለኝ። ያሰብኩት አጠራጣሪ ሰው ያየ ስሙን ሳይገልጽ እንዲጠቁም፣ ብዙ የጠቆመ ነጥብ እንዲያገኝ፣ የጥበቃ ብር ያልከፈሉ ሰዎች ስም ደግሞ በየወሩ ግሩፑ ላይ እንዲወጣ ነው። ባለቤቴ "ሰፈሩን ልታባላ ነው" ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሚስትህን ስማት ወንድሜ። ቦቱን አትስራ አላልኩም፣ ነጥቡን ግን ዛሬውኑ አውጣው። ለጥቆማ ነጥብ ከሰጠህ ጥቆማማ ይጎርፍልሃል፣ ግን ሌባ በጠፋበት ሳምንት ነጥብ ፈላጊው ማንን የሚጠቁም ይመስልሃል፣ ቆራሌውን ነው፣ ቀን ሰራተኛውን ነው፣ ታንከር ሊጠግን የመጣውን ልጅ ነው። ፌስቡክ እንኳ ያን ሁሉ ኢንጂነር ይዞ 2017 ላይ (በፈረንጆቹ ነው) የትኛው ፖስት ከላይ ይውጣ ብሎ ሲወስን የንዴቷን ኢሞጂ ጨምሮ ሪአክሽኖችን ከላይክ 5 እጥፍ ቆጠራቸው፣ ሰው የሚያናድድ ፖስት ወደላይ እየወጣ ሲያስቸግር 2020 ላይ የንዴቷን ዜሮ አደረጓት።

ያንተን ጉዳይ ቁርጥ የሚመስለው ግን ኔክስትዶር የሚባለው የአሜሪካ የጎረቤቶች አፕ ነው። ኦክላንድ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ጥቁር ሰው ባየ ቁጥር "አጠራጣሪ" እያለ ሲለጥፍ ጩኸት ተነሳ፣ 2016 ላይ ፎርሙን ቀየሩት፣ ዘሩን ብቻ ጽፈህ አታልፍም፣ ምን ለብሶ ነበር፣ ምን ሲያደርግ አየኸው ብሎ ይይዝሃል። ካምፓኒው ራሱ እንዳለው እንዲህ ያለው ፖስት 75 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ ሰው ፎርሙን ሲጀምር የሚጽፈው አጥቶ ነው የተወው።

አንተም ቦቱ መጀመሪያ "ምን ሲያደርግ አየህ?" ብሎ ይጠይቅ። መልሱ "ቆሞ ነበር" ከሆነ ለጥበቃው ብቻ ይድረስ፣ በር ሲነካካ ከሆነ ግን ለግሩፑም ይውጣ። የጠቋሚው ስም ለግሩፑ ይደበቅ፣ ኮሚቴው ግን ይወቀው፣ አለዚያ በልብስ ማስጫ የተጣላ ሁሉ ጎረቤቱን ሌባ ያደርግልሃል።

ያልከፈለውን በኢንቦክስ አስታውሰው። ከፍሎ ገንዘብ ያዡ ሳይመዘግብለት ስሙ የወጣ ሰው እኮ ዳግመኛ አይከፍልህም።

ውሃ የጠፋ ቀን ግሩፑ መቀወጡ አይቀርም፣ ለሱ የቴሌግራም ስሎው ሞድ አለልህ፣ አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ ድጋሚ እስኪጽፍ የሚጠብቀውን ጊዜ የምትወስንበት ነው፣ እስከ 1 ሰዓት ይሄዳል። 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ካስረዘምከው ሌላ ግሩፕ ይከፍቱብሃል።