ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ደካማ» አሲድ ቆዳን አይጎዳም ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምሠራው በጽዳት ሥራ ነው። የምንጠቀምበት የዝገት ማስለቀቂያ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ እንዳለበት በእቃው ላይ ተጽፏል። የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነችው ልጄ ይህ አሲድ «ደካማ» ከሚባሉት ወገን እንደሆነ፣ በጨጓራችን ውስጥ ያለው ግን «ጠንካራ» እንደሆነ ነገረችኝ። ጠንካራውን በሆዳችን ይዘን የምንኖር ከሆነ፣ ደካማው ያለ ጓንት ቢነካኝ ምን ያደርገኛል?

መልስ፦ ልጅዎ የነገረችዎ ትክክል ነው። ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ሐሳብ ግን በጣም አደገኛ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ከማብራራቴ በፊት ይህን ፈሳሽ ፈጽሞ ያለ ጓንት እንዳይነኩ አደራ እልዎታለሁ።

አሲድ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የሃይድሮጅን ቅንጣት፣ ይለቃል። ሞለኪውሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተለያይተው አዮናቸውን የሚለቁ ከሆነ ኬሚስቶች «ጠንካራ» ይሉታል፤ ሃይድሮክሎሪክና ናይትሪክ አሲድ እንዲህ ናቸው። ጥቂቶቹ ብቻ ተለያይተው አብዛኞቹ እንደተያያዙ የሚቀሩበት ደግሞ «ደካማ» ይባላል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ በአንድ ባነሰ ቁጥር ሃይድሮጅን አዮኑ አሥር እጥፍ ይበዛል። ለምሳሌ በአንድ ሊትር ውስጥ 0.1 ሞል (ሞል ኬሚስቶች የሞለኪውሎችን ብዛት የሚለኩበት መስፈሪያ ነው) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ፒኤች 1 ሲሆን፣ የአቼቶው አሲቲክ አሲድ በዚያው መጠን ሲሟሟ ከ100 ሞለኪውሎች የሚለያየው አንድ ገደማ ብቻ በመሆኑ ፒኤቹ 2.9 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የመጀመሪያው ከሁለተኛው 75 እጥፍ ያህል ሃይድሮጅን አዮን ይዟል። እንግዲህ «ጠንካራ» እና «ደካማ» የሚሉት ቃላት የሚነግሩን ሞለኪውሉ በውኃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚለያይ ነው፤ በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚሉት ነገር የለም።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም አሲዱ በውኃ የተበረዘበት መጠን ነው። በብዙ ውኃ የተበረዘ ጠንካራ አሲድ ቆዳ ላይ ምንም ላያደርስ ይችላል። በአንጻሩ አሲቲክ አሲድ ምንም እንኳ ደካማ ቢሆን፣ ውኃ ያልገባበት ሲሆን ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል።

ወደ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስንመለስ፣ አደጋው የሚመጣው ከዚያው ደካማ ካሰኘው ባሕርይ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲፈስ የላይኛውን ፕሮቲን ወዲያው ያረጋዋል፤ ሕመሙም ቶሎ ስለሚሰማ ሰውየው እጁን ይሰበስባል። ያልተለያየው የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሞለኪውል ግን ትንሽና የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው በመሆኑ የቆዳን ስባማ ሽፋን በቀላሉ አልፎ ወደ ሥጋ ዘልቆ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚለቀው ፍሎራይድ (ከሃይድሮጅኑ የተለየው ሌላው የአሲዱ ክፍል) በሰውነት ውስጥ ካሉት ከካልሲየምና ከማግኒዥየም ጋር ይጣበቃል። ጉዳቱ እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል፤ የገባው መጠን ከበዛም በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ወርዶ የልብ ምት ይዛባል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ የተበረዘው ፈሳሽ ሲነካ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ሊጀምር መቻሉ ነው። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት አልተጎዳሁም ማለት አይደለም።

የጨጓራዎን ነገር በተመለከተ፣ በውስጡ ያለው በእርግጥ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ፒኤቹም አብዛኛውን ጊዜ በ1.5 እና በ3.5 መካከል ይገኛል። ጨጓራ የማይቃጠለው ግን አሲዱ ገር ስለሆነ ሳይሆን፣ ግድግዳውን የሚያለብሰው ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽና በውስጡ ያለው ባይካርቦኔት አሲዱን ስለሚያረክሱት፣ የግድግዳው ሕዋሳትም በየጥቂት ቀናቱ ስለሚተኩ ነው። እንዲህ ያለ መከላከያ የሌለው የምግብ ቧንቧ ያው አሲድ ሽቅብ ሲወጣበት ምን ያህል እንደሚያቃጥል ቃር የያዘው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእጅዎ ቆዳም የጨጓራ መከላከያ የለውም።

በሥራ ላይ የሚለብሱት ጓንት ይህን አሲድ እንደሚያግድ አምራቹ ያረጋገጠው ዓይነት መሆን አለበት፤ ስሱ የሕክምና ጓንት አይበቃም። ዓይንዎንና ፊትዎንም ይሸፍኑ። ይህን አሲድ የሌለበት ማስለቀቂያ ሥራውን የሚሠራልዎ ከሆነ አሠሪዎ እንዲቀይረው አጥብቀው ይጠይቁ፤ የማይቻል ከሆነም 2.5 በመቶ የሆነ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (ፍሎራይዱ የሚጣበቅበትን ካልሲየም የያዘ ቅባት) በሥራ ቦታው በቅርብ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ማስለቀቂያውን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣልና።

ምናልባት ከነካዎ ፈሳሹ የደረሰበትን ልብስና ጌጥ ወዲያው አውልቀው ቦታውን በሚወርድ ውኃ በደንብ ይጠቡ፤ አሲዱን በሌላ ኬሚካል ለማርከስ አይሞክሩ፤ ሲደባለቁ የሚፈጠረው ሙቀት ቃጠሎውን ሊያብሰው ይችላል። ከታጠቡ በኋላ ጓንት ባደረገ እጅ ጄሉን እየቀቡ፣ ሕመም ባይሰማዎትም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። ለሐኪሙ «አሲድ ነካኝ» ብቻ ሳይሆን «ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነካኝ» ብለው ይንገሩት፤ ሕክምናው ከሌላ አሲድ ቃጠሎ የተለየ ስለሆነ፣ በእቃው ላይ የተጻፈውንም ፎቶ አንሥተው ያሳዩት።