ለፈቃድ ፈተና ለምትዘጋጁ ነርሶች፦ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ

ልጆች፣ የሙያ ፈቃድ ፈተና ሲቃረብ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። ማስታወሻው ይቆለላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያነበባችሁት ሁሉ ከጭንቅላታችሁ የወጣ ይመስላችኋል። ብዙ ዓመት ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ለዚህ ፈተና የሚቀመጡ ፕራክቲካል ነርሶችንም (በሬጅስተርድ ነርስ ወይም በሐኪም አመራር ሥር የሚሠሩትን) አስጠንቻለሁ። ልጆቹ ስሙ በረዘመ መድኃኒት ሲጨነቁ ያድሩና መሠረታዊውን ትምህርት "ይሄንማ አውቀዋለሁ" ብለው ያልፉታል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያው አልፌዋለሁ።

ጀማሪ ነበርኩ። የሌሊት ተራ ነው፣ ሥራ በዝቷል። የአንድ አዛውንት ትንፋሽ ሳልቆጥር ቻርቱ ላይ 20 ብዬ ጻፍኩ። ከኔ በፊት የነበረችው 20 ጽፋለች፣ ከሷ በፊት የነበረውም 20። ተረኛዋ ታላቅ ነርስ ቻርቱን አየችና እጄን ይዛ ወደ አልጋው ወሰደችኝ። "ቁጠሪ" አለችኝ። ሰዓቴን እያየሁ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። 34 ነበር። ቆም ብዬ ሳያቸው የአንገታቸው ጡንቻ በየትንፋሹ ይወጣጠራል። በሁለት እጃቸው ፍራሹን ተደግፈው ቀና ለማለት ይታገላሉ። ሳናግራቸው ሁለት ቃል ብለው ያርፋሉ። ራስጌያቸውን ከፍ አደረግን፣ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ሐኪም ተጠራ። ተረፉ። ያ 20 ግን እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

የጤነኛ አዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ይህን ሁላችሁም ሸምድዳችኋል። ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱን ያዙ። ሰውነት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሽ ነው። የደም ግፊቱ ገና ደህና እያለ ትንፋሹ ይፈጥናል። ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀ ነርስ ዘግይቷል። ይህ የገባው ተማሪ ጥያቄው በየትኛውም መልክ ቢመጣ አይደናገርም።

ፈተናው ላይ የሚያስቸግራችሁ ጥያቄ "በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?" የሚለው ነው። አራቱም ምርጫ ትክክል ሊመስል ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አራቱም የሚደረጉ ነገሮች ናቸው። የሚጠየቀው ቅደም ተከተሉ ነው። የአየር መተላለፊያ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ የደም ዝውውር። አንዱ ታካሚ ሕመም በርትቶበት ይጮሃል፤ ሌላው ጸጥ ብሎ ከንፈሩ እየጠቆረ ነው። መጀመሪያ የምትሄዱት ጸጥ ወዳለው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ። "መጀመሪያ መረጃ ሰብስብ፣ ከዚያ እርምጃ ውሰድ" የሚለው ሕግ ትክክል ነው። ግን ጥያቄው መረጃውን ሰጥቷችሁ እንደሆነ አስተውሉ። የተሰጣችሁ መረጃ የኦክስጅን መለኪያው 82 በመቶ ማለቱ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ታካሚውን እዩ፤ ጣቱ ላይ ያለው መለኪያ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። 82 ብሎ ታካሚውም እያለከለከ፣ ጥፍሩም ሰማያዊ ከሆነ ግን ድጋሚ የምትለኩት ነገር የለም። ቀና አድርጉት፣ በተቋሙ መመሪያ መሠረት ኦክስጅን ስጡ፣ ሌላ ሰው ኃላፊዋን ነርስ ይጥራ። "ለሐኪም ደውል" የሚለው ምርጫ ያታልላል፤ ስልኩን አንስታችሁ ስታወሩ ታካሚው አየር እያጠረው ነው።

የሥራችሁንም ድንበር እወቁ። ፕራክቲካል ነርስ ያያል፣ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ለውጥ ሲያይ ወዲያው ያሳውቃል። አዲስ የገባን ታካሚ የመጀመሪያ ሙሉ ግምገማና የእንክብካቤ ዕቅድ ማውጣት በአብዛኛው ከፍ ያለ ሥልጠና ያለው የሬጅስተርድ ነርስ ሥራ ነው። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያልና የምትፈተኑበትን አገር ሕግ አንብቡ። ይህን ድንበር ማወቅ እናንተን የሚያሳንስ እንዳይመስላችሁ። ታካሚው አጠገብ ረጅም ሰዓት የምትቆዩት እናንተ ናችሁ፤ ለውጡን ቀድማችሁ የምታዩትም እናንተ።

እጅ መታጠብን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ አላልፈውም። እጃችሁ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው የአልኮል ማሻሻ በቂ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል (ቀድሞ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል) የሚባል ባክቴሪያ ያለበትን ተቅማጥ ስታነሱ ግን አልኮል ስፖሩን፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ያለውን የባክቴሪያውን ዓይነት፣ አይገድለውም። በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። ፈተናውም ይህን መጠየቅ ይወዳል።

የደም ግፊት ስትለኩ የማሰሪያው ስፋት ከክንዱ ጋር ይመጣጠን። ጠባብ ከሆነ ግፊቱን ያለ አግባብ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ስቴቶስኮፑን ደረት ላይ አድርጋችሁ የልብ ምቱን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ አዋቂ ላይ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ሳትሰጡ አሳውቁ። እንደ ትንፋሹ ሁሉ እዚህም ጥድፊያ አይሠራም። ምቱ ወጣ ገባ ከሆነ 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት ብታባዙ የምታገኙት ቁጥር የታካሚው ላይሆን ይችላል።

የአልጋ ቁስልም እንዲሁ ዓይን ይፈልጋል። ተረከዝ ወይም ታፋ ላይ የቀላ ቆዳ ካያችሁ በጣታችሁ ተጫኑት። ሲለቀቅ ካልነጣ የመጀመሪያው ደረጃ ቁስል ጀምሯል። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ጠጠር ወይም ለስለስ ይላል። ቦታውን አትሹት። ታካሚውን ገልብጡት፣ ጻፉት፣ ተናገሩ።

ዛሬ ማታ መጽሐፉን ለአምስት ደቂቃ ዝጉት። አብሯችሁ ከሚኖር ሰው አንዱን ፈቃዱን ጠይቃችሁ የእጁን ምት ቁጠሩ። ምቱን ስትጨርሱ እጁን አትልቀቁ። ትንፋሹን እንደምትቆጥሩም አትንገሩት፤ ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ምት የምትቆጥሩ መስላችሁ ደረቱን እዩ። ወጣ፣ ገባ፤ አንድ። ሙሉ ደቂቃ።