የጥያቄና መልስ ዓምድ፦ በሊኑክስ ላይ ድምፅ አልቀርጽ ያለ የውጭ ሳውንድ ካርድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። በባሕር ዳር በገና አስተምራለሁ። በሌላ ከተማ ላሉ ተማሪዎቼ ትምህርቱን እየቀረጽሁ ለመላክ አስቤ፣ ሁለት የማይክ ማስገቢያ ያለው ያገለገለ የውጭ ሳውንድ ካርድ ከኮንደንሰር ማይክ ጋር ገዛሁ። ላፕቶፔ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው ሊኑክስ የተጫነበት ነው። ካርዱን በዩኤስቢ ስሰካው መብራቱ ይበራል፤ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም ላይ ስቀርጽ ግን የሚታየኝ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ቀርጾልኝ ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ በግራ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ እምቢ ብሏል። የዊንዶውስ ድራይቨሩን (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) በዋይን ለመጫን ሞክሬ አልሆነልኝም። ሊኑክሱን አጥፍቼ ዊንዶውስ ልጫን?

መልስ፦ እባክዎ አያጥፉት። የችግርዎ ቁልፍ በደብዳቤዎ ውስጥ አለ፤ ይኸውም «በዚሁ ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ቀርጾልኝ ነበር» ያሉት ነው። አንድ ጊዜ የቀረጸ ካርድ ድራይቨር አልጎደለውም። ዋይንም ቢሆን የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል እንጂ ለዕቃ የሚሆን ድራይቨር መጫን አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል የደከሙበትን እዚሁ ይተዉት። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዶች «የዩኤስቢ ኦዲዮ ክላስ» የሚባለውን የጋራ ደንብ ይከተላሉ፤ የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሁለተኛው በ2006 የወጣ ሲሆን፣ ደንቡን ለሚያከብሩ ካርዶች የሚያገለግለው ድራይቨር ከሊኑክስ ከርነል (ዕቃዎቹን ከሚቆጣጠረው የሥርዓቱ እምብርት) ጋር አብሮ ይመጣል። መፈለግ ያለብዎ ድምፁ ከማይኩ ተነሥቶ ኦዳሲቲ እስኪደርስ ድረስ በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚቆም ነው።

ካርዱን ሰክተው ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ይክፈቱ። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት «ሪከርድ» የሚለውን ቃል ከፊቱ «ኤ» ጨምረው ሳያለያዩ ይጻፉ፤ ከዚያ አንድ ክፍተት ትተው ሰረዝና ትንሹን «ኤል» አስከትለው ኢንተር ይጫኑ። ይህ ትእዛዝ ከርነሉ ለቀረጻ የሚያውቃቸውን ካርዶች በሙሉ ይዘረዝራል። ቁጥሩ ከ0 ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ 0 የላፕቶፑ የራሱ ካርድ ሲሆን የእርስዎ 1 ወይም 2 ሆኖ ይመጣል። ስሙ ከወጣ ከርነሉ ካርዱን አውቆታል ማለት ነው። ካልወጣ ግን ኬብሉን ይጠርጥሩ። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሴቲንግ ስገለባብጥ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የኬብሉ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ስልክ ብቻ ለመሙላት የተሠራ፣ ኤሌክትሪክ እንጂ ዳታ የማያስተላልፍ ኬብል ነበር። የካርዱ መብራት መብራቱ ኤሌክትሪክ መድረሱን እንጂ ሌላ ነገር አያረጋግጥም።

በዩኤስቢ ሃብ (አንዱን ማስገቢያ ለብዙ ዕቃ በሚያካፍል ማባዣ) በኩል የሚሰኩ ከሆነም ሃብ ሳይጠቀሙ ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ይሰኩት። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ማስገቢያ በደንቡ መሠረት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፒር ድረስ ነው፤ የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ ይህንኑ ለማውስና ለፍላሽ ሁሉ ያካፍላል። ኮንደንሰር ማይክ ደግሞ ከካርዱ 48 ቮልት ይፈልጋል። ካርዱ ላይ «48» የሚል ቁጥር የተጻፈበት ማብሪያ ካልተጫነ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ የሚያገኙት ያንኑ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥርጣሬዬ ልምጣ። ኦዳሲቲ በኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን የድምፅ ዕቃዎች የሚቆጥረው ሲከፈት ነው፤ ከተከፈተ በኋላ የተሰካ ካርድ አይታየውም። ባለፈው ሳምንት ካርዱን ሰክተው ኦዳሲቲን ከፍተው፣ ከዚያ ወዲህ ግን ኦዳሲቲን ከፍተው ካርዱን እየሰኩ ከሆነ፣ አንድ ቀን ሠርቶ በማግሥቱ እምቢ ያለበት ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ይሰኩ፣ ቀጥሎ ይክፈቱ። ተከፍቶ ከሆነም «ትራንስፖርት» በሚለው ሜኑ ውስጥ «ሪስካን ኦዲዮ ዲቫይስስ» የሚለውን ይጫኑ።

ይህም ካልፈታው፣ በኦዳሲቲና በከርነሉ መካከል የተቀመጠውን የድምፅ አከፋፋይ ይመልከቱ። ይህ በኡቡንቱ 22.04 ላይ ፐልስኦዲዮ ይባላል፤ ከ22.10 ወዲህ ባሉት ቦታውን ፓይፕዋየር ይዞታል። «ፐልስኦዲዮ ቮልዩም ኮንትሮል» የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ከኡቡንቱ የሶፍትዌር ማውጫ አውርደው ይጫኑ፤ ከኡቡንቱ የራሱ ሴቲንግ ይልቅ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ስለምታሳይ እኔ ዘወትር የምጠቀመው በእሷ ነው። «ኮንፊጉሬሽን» በሚለው ገጽ ላይ የካርድዎ ፕሮፋይል «አውትፑት» ብቻ ተብሎ ከተቀመጠ ማይኩ ከነጭራሹ ይጠፋል፤ አውትፑትንም ኢንፑትንም የያዘውን ወይም «ዱፕሌክስ» የሚለውን ይምረጡ። ቀጥሎ ኦዳሲቲ ላይ ቀረጻ ያስጀምሩና፣ እየቀረጸ ሳለ «ሪከርዲንግ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ ምንም ፕሮግራም እየቀረጸ ካልሆነ ገጹ ባዶ ስለሚሆን ቀረጻውን ማስቀደም የግድ ነው። እዚያ ኦዳሲቲ ድምፅ የሚወስደው ከላፕቶፑ ማይክ ወይስ ከካርድዎ እንደሆነ ይታያል፤ ትክክል ካልሆነ እዚያው ይቀይሩት። በገናውን አንድ ጊዜ ሲመቱ ከሥር ያለው መለኪያ ከተንቀሳቀሰ ድምፁ መንገዱን ጨርሷል።

በግራ ጆሮ ብቻ ስለተሰማው ቀረጻ አይጨነቁ፤ አልተበላሸም። ካርዱ አንደኛውን ማስገቢያ እንደ ግራ፣ ሁለተኛውን እንደ ቀኝ ይቆጥራል፤ ማይክዎ በአንደኛው ብቻ ስለተሰካና ቀረጻው ስቴሪዮ ስለነበረ ቀኙ ባዶ ቀረ። ፋይሉን ከፍተው ከትራኩ ስም አጠገብ ባለው ሜኑ «ስፕሊት ስቴሪዮ ቱ ሞኖ» የሚለውን ይምረጡና ባዶውን ትራክ ይሰርዙ፤ ያን ጊዜ በሁለቱም ጆሮ ይሰማል። ለወደፊቱ በአንድ ማይክ ሲቀርጹ ሞኖ ላይ ያድርጉት። ሁለተኛ ማይክ ካገኙ ግን ስቴሪዮው ይጠቅምዎታል፤ አንዱን ወደ አፍዎ፣ ሌላውን ወደ በገናው አቅርበው ከቀረጹ በኋላ ሁለቱን ለያይተው የእያንዳንዱን መጠን ለብቻው ማስተካከል ይችላሉ። በገናን ለሚያስተምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ተማሪው የእንዚራውን (ጅማቱን የሚያንዘረዝረውን ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ከድምፅዎ ለይቶ መስማት አለበትና።

የካርዱን የድምፅ መጠን ሲያስተካክሉ ከሁሉ የሚጎላውን ጅማት በሙሉ ኃይል እየመቱ ይሁን፤ በኦዳሲቲ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ቢውል ጥሩ ነው። ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ በሚገባ አይጠገንም። እየቀረጹ ራስዎን በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣብዎ፣ ካርዱ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚባል ማብሪያ ካለው ያብሩት፤ ድምፁ በኮምፒውተሩ ሳያልፍ ከካርዱ በቀጥታ ወደ ጆሮዎ ይመጣል።

ይህን ሁሉ አድርገው መስመሩ አሁንም ቀጥ ካለ፣ የካርዱን ሞዴልና ተርሚናሉ የዘረዘረልዎትን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠው ይላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።