ደመና በሌለበት ሌሊት የተጻፈ ሰዓት

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ነው። የግል አብራሪነት ፈቃድ ካገኘሁ ዓመት ሞላኝ፤ አሁን ለመሣሪያ በረራ ፈቃድ (ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ንባብ ብቻ ለመብረር የሚያስችለው) ሰዓት እያጠራቀምሁ ነው። ባለፈው ወር ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ከሐይቁ ማዶ ካለችው ከመስኪገን ተነሥቼ ሚሺጋን ሐይቅን በሴስና 172፣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ ብቻዬን አቋረጥሁ። የበረርሁት በእይታ በረራ ደንብ፣ ማለትም ውጭውን በዓይን እያዩ በሚበሩበት ደንብ ነው፤ ደመናም አልነበረም። ሆኖም ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ስለነበረ ዓይኔን ከመሣሪያዎቹ አልነቀልሁም። በበረራ መዝገቤ ላይ 1.2 የመሣሪያ ሰዓት (አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ) ጻፍሁ። ጓደኛዬ «ደመና ውስጥ ካልገባህ አይቆጠርም» ይለኛል። እሱ ተማሪ አብራሪ ነው፤ ቀደም ሲል ውጭውን እንዳላይ የሚጋርደኝን መከለያ ግንባሬ ላይ አድርጌ የመሣሪያ በረራ ስለማመድ ከጎኔ ተቀምጦ ውጭውን ይጠብቅልኝ ነበር። ማን ነው ልክ? (ዳ.)

መልስ፦ ጓደኛዎ ተሳስቷል፤ እርስዎም አብዝተዋል።

የአሜሪካ ደንብ ደመና ነበረ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አውሮፕላኑን በመሣሪያ ብቻ መርተው እንደሆነና ሁኔታው በእርግጥ ያንን ያስገድድ እንደነበረ ነው። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1984 በሰጠው የሕግ ማብራሪያ የእርስዎን የሚመስል ምሳሌ አንሥቷል፦ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት፣ በውቅያኖስ ላይ፣ አድማስ ሳይታይ የሚደረግ በረራ። አየሩ ጥርት ያለ ቢሆንም ይቆጠራል።

ግን 1.2 ከየት መጣ? በዚያ መንገድ ሐይቁ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በሴስናዎ ከአርባ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። የመስኪገን መብራት ከኋላ፣ የሚልዋኪው ደግሞ ከፊት እስኪታይ ድረስ ያለው መሐል ብቻ ነው የእርስዎ። ሲነሡና ሲያርፉ ማኮብኮቢያውን በዓይንዎ አይተዋል፤ ያ አይገባም። እኔ ብሆን 0.4 (24 ደቂቃ) እጽፍ ነበር፤ ከጎኑም «ጨረቃ የለም፣ በሐይቅ ላይ፣ አድማስ አይታይም»።

እኔም በወጣትነቴ ተመሳሳይ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ የእኔ እንዲያውም የባሰ ነበር። በመሣሪያ በረራ ደንብ ፕላን አስገብቼ፣ በጠራራ ፀሐይ እርሻውን ቁልቁል እያየሁ በርሬ 2.1 ጻፍሁ። የፈተናው ዕለት ፈታኙ ጣቱን እዚያ መስመር ላይ አሳርፎ «የዚያን ቀን ምን ይታይህ ነበር?» አለኝ። «ሁሉም ነገር» አልሁት። የነበረኝ 40.6 ወደ 38.5 ወረደ። ደንቡ ለፈቃዱ 40 የመሣሪያ ሰዓት ይላል፤ ሳልፈተን ተመለስሁ።

ከጓደኛዎ ጋር ያደረጉት የመከለያው ልምምድ ሰዓት ግን ከመዝገብዎ ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ። ከጎንዎ የሚቀመጠው ሰው ቢያንስ የግል አብራሪነት ፈቃድ፣ ያውም ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን የሚሆን ሊኖረው ይገባል፤ ስሙም በመዝገብዎ ላይ ይጻፋል። ተማሪ አብራሪ አይሆንም። በሰማይ ላይ ዓይንዎን አደራ የሰጡት ሰው ነው!

አንድ ነገር ግን ከሰዓቱ ይልቅ አሳስቦኛል። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ትንሹ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1999 በማርታስ ቪንያርድ አቅራቢያ ባሕር ላይ የወደቀው እንደ እርስዎ የመሣሪያ ፈቃድ ሳይኖረው፣ ሌሊት፣ በእይታ ደንብ እየበረረ ነው። መርማሪዎቹ አቅጣጫና ሚዛን ስቶ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃተው ብለዋል። ጆሯችን ቀስ ያለውን መታጠፍ አይሰማውም፤ ክንፉ አዘንብሎ ሳለ ቀጥ ብለን የተቀመጥን ይመስለናል። ለመሆኑ በአንድ ሞተር ያንን ሐይቅ ሲያቋርጡ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰው ነበር? በደብዳቤዎ አላነሡትም። ቀጣዩን የሌሊት ጉዞ ከአስተማሪዎ ጋር ያድርጉት፤ ከ40ው 15ቱ ሰዓት ከአስተማሪ ጋር መሆን ስላለበት ለሁለት ነገር ይጠቅምዎታል።

መዝገቡን ሲያርሙ በአንድ መስመር ብቻ ይሰርዙት፤ የድሮው ቁጥር ይነበብ። ነጭ ቀለም አይቀቡበት፤ ፈታኙ መጀመሪያ የሚፍቀው እሱን ነው።