ሃይድሮጅን ቦምብ ላይ ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ሃይድሮጅንና ስለ ቦምቡ ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ።

ጥያቄ (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ሲና)፦ መምህር፣ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን ካለ ለምን አይፈነዳም?

ልጄ፣ ውሃ እኮ ነዶ ያለቀ ሃይድሮጅን ነው። አመድ በይው፤ አመድ ደግሞ ዳግም አይነድም። ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ የሚለዋወጡት በዳር ያሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው። የአቶሙን እምብርት፣ ኒውክለሱን፣ ማንም አይነካውም።

ጥያቄ (ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ወጣት፣ ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው ይባላል። እንደ ቦምቡ ሊፈነዳ ይችላል?

ሃይድሮጅን መሆኑ እውነት ነው፤ እንደ ቦምቡ ግን ከቶ አይሆንም። ይህን ስል አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ልጅ ቻርጀሩን ሳያጠፋ ገመዱን ነቀለ። ብልጭ አለ፣ የባትሪው ክዳን ተፈናጠረ፣ አሲዱ ደረቱ ላይ ተረጨ። ወዲያው ውሃ አፈሰሱበትና ተረፈ፤ ሸሚዙ ግን በማግስቱ ወንፊት መስሎ ነበር። እባክህ፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን አጥፋ፣ ከዚያ ገመዱን ንቀል፤ በርና መስኮቱንም ክፈት።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ሃይድሮጅን ቦምብ» ለምን ተባለ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሃይድሮጅን ሦስት ዓይነት ነው። ተራው እምብርቱ አንድ ፕሮቶን ብቻ ነው። ዲዩቴሪየም አንድ ኒውትሮን ይጨምራል፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ከ6,400 ያህል የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ እሱ ነው። ትሪቲየም ሁለት ኒውትሮን አለው፤ ሬዲዮአክቲቭ ስለሆነ በ12.3 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም ሲዋሃዱ ሂሊየምና አንድ ኒውትሮን ይወጣል፤ የሚለቀቀውም 17.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶምን ኃይል የምንለካበት ትንሽ መለኪያ) ነው። አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ሲነድ የሚሰጠው 3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ልዩነቱን አስሉት።

ችግሩ፣ ሁለቱም እምብርቶች ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። እንዲዋሃዱ ብዙ ሚሊዮን ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። በቦምቡ ውስጥ ያን ሙቀት የሚያመጣው፣ የከባድ አቶሞችን እምብርት በመክፈል የሚሠራው የአቶም ቦምብ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅን ቦምብ በሆዱ ሌላ ቦምብ ተሸክሟል። አሜሪካ በኅዳር 1 ቀን 1952 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ውቅያኖስ ኤኔዌታክ ደሴቶች ላይ የሞከረችው የመጀመሪያው ትልቅ ፍንዳታ 10.4 ሜጋቶን፣ ማለትም እንደ 10.4 ሚሊዮን ቶን ቲኤንቲ ፈንጂ ነበር፤ ሂሮሺማ ላይ የተጣለው የአቶም ቦምብ 15 ኪሎቶን (15 ሺህ ቶን) ነው። ከዚያ ከ10.4ቱ እንኳ አብዛኛው የመጣው በዙሪያው የነበረው ዩራኒየም ተከፍሎ ነው። ስሙ ይህን ይደብቃል።

ጥያቄ፦ ሲከፈልም ኃይል፣ ሲዋሃድም ኃይል እንዴት ይሆናል?

ከሁሉ አጥብቀው የተያያዙት የብረትና የኒኬል አካባቢ እምብርቶች ናቸው። ቀላሎቹ ሲዋሃዱ፣ ከባዶቹ ሲከፈሉ፣ ሁለቱም ወደዚያ ይጠጋሉ፤ በመንገዱ የሚጎድለው መጠነ ቁስ ኃይል ይሆናል። ሂሮሺማ ላይ ከወደቀው 64 ኪሎ ገደማ ዩራኒየም ወደ ኃይል የተለወጠው 1 ግራም አይሞላም።

ጥያቄ (እናት፣ መሐል ሜዳ)፦ ፀሐይም በዚሁ የምትነድ ከሆነ ለምን አትፈነዳም?

እትዬ፣ ግሩም ጥያቄ ነው። ፀሐይ በሴኮንድ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች፤ ግን እጅግ ዝግ ብላ። በማዕከሏ አንድ ኪዩቢክ ሜትር የሚሰጠው ኃይል ከሦስት ባለ 100 ዋት አምፖል አይበልጥም። ትልቅነቷ ነው የውርጩን ጠዋት የሚያሞቅልዎ። ሙቀቱ ከገፋት ትሰፋለች፣ ስትሰፋ ትቀዘቅዛለች፣ ክብደቷም መልሶ ይጫናታል።

ጥያቄ፦ ሃይድሮጅን ቦምብ ከአቶም ቦምብ ይልቅ ንጹሕ ነው የሚባለውስ?

ይህን ለሚል ሰው በፓስፊክ ያሉትን የቢኪኒ ደሴቶች ታሪክ ንገሩት። መጋቢት 1 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. እዚያ የተሞከረው የአሜሪካ ሃይድሮጅን ቦምብ 6 ሜጋቶን ገደማ ይሆናል ተብሎ 15 ሆነ፤ በቦምቡ ውስጥ የነበረውና በውህደቱ አይሳተፍም ያሉት ሊቲየም-7 (የሊቲየም ብረት አንዱ ዓይነት) ነዳጅ ሆኖባቸው። ከ15ቱ 10 ያህሉ ዩራኒየም ተከፍሎ የመጣ ነው፤ መርዙም ከዚያ ነው። ሬዲዮአክቲቭ አመዱ በአካባቢው ባለችው ሮንገላፕ ደሴት ላይ ነጭ ሆኖ ሲዘንብ ሕፃናት ተጫወቱበት። በአቅራቢያው 23 ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች የነበሩበት መርከብ ላይም ወረደ። የሬዲዮ ሠራተኛቸው ሰባት ወር ሳይሞላው ሞተ።