የኒውተንን ወረቀት ፍለጋ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የእነ ኒውተንን ታሪክ ውጭ አገር በማስተርስ ደረጃ ማጥናት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከዩኒቨርሲቲ ስም ሳይሆን ከሰነዱ ይጀምሩ። የኒውተን የሳይንስ ወረቀቶች በብዛት ያሉት ካምብሪጅ ነው፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለጨረታ ከቀረቡት ብዙዎቹ የሃይማኖት ጽሑፎቹ ግን ኢየሩሳሌም ገብተዋል። የካምብሪጁን ዲጂታል ቅጂ በነፃ ማየት ስለሚቻል፣ አንድ ማስታወሻ ደብተሩን አንብበው ርዕስዎን ያጥብቡ። «የኒውተን ሕይወት» ብሎ ማመልከት ዋጋ የለውም፤ «የብርሃን ሙከራውን እንዴት መዘገበ?» ያስኬዳል። ላቲንም ያስፈልጋል (ጎጃም ቅኔ ቤት ለቆየ ሰው የግሥ እርባታው አያስደነግጥም)። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የነፃ ትምህርት ዕድል ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሲጨርሱም 2 ዓመት አገር ቤት መቆየት ግዴታ ነው።